ቻይናና ህንድ፡ ከማሳ የተነሡ ሁለት የልማት መንገዶች

ቻይናና ህንድ እያንዳንዳቸው ከ1 ነጥብ 4 ቢሊዮን በላይ ሕዝብ አላቸው። የዛሬ 40 ዓመት ገደማ የነፍስ ወከፍ ገቢያቸው ተቀራራቢ ነበር። ከአሥር ሠራተኞቻቸውም ሰባቱ ያህል በግብርና ይተዳደሩ ነበር። ዛሬ የቻይና የነፍስ ወከፍ ገቢ ከህንድ ከአራት እጥፍ በላይ ይበልጣል። ለዚህ ልዩነት ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የቻይና ፋብሪካ ነው። ይሁንና ነገሩ የተጀመረው ከፋብሪካ ሳይሆን ከማሳ ነው። ሁለቱም አገራት እርሻቸው በአብዛኛው ከአንድ ሄክታር ብዙም በማይበልጥ መሬት ላይ የሚያርስ አነስተኛ አርሶ አደር እርሻ በመሆኑ፣ ልምዳቸው ለእኛም አካባቢ ቅርብ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በጣት አሻራ የተፈረመ ውል

ቻይና እ.ኤ.አ በ1958 አርሶ አደሮቿን በኮሙዩን አደራጀች። መሬቱ፣ በሬውና ማረሻው የጋራ ሆነ። የበረታውም የሰነፈውም የሚያገኘው ድርሻ ብዙም ስለማይለያይ የሥራ ፍላጎት ቀዘቀዘ። የበታች ሹማምንትም አለቆቻቸውን ለማስደሰት ያልተመረተውን እህል ተመርቷል ብለው ሪፖርት አደረጉ። መንግሥት በሐሰተኛው ሪፖርት መሠረት እህሉን ሰበሰበ። ከ1959 እስከ 1961 በደረሰው ረኃብ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብ አለቀ።

በ1978 መጨረሻ በአንዊ ክፍለ ሀገር፣ ሺያኦጋንግ በምትባል መንደር 18 አርሶ አደሮች በድብቅ ተሰብስበው የጋራውን መሬት ለየቤተሰቡ አከፋፈሉ። የመንግሥትንና የማኅበሩን ድርሻ ካስረከቡ በኋላ የተረፈው የየራሳቸው እንዲሆን ተስማሙ። ነገሩ ቢታወቅ እስር እንደሚጠብቃቸው ያውቁ ስለነበር፣ የታሰረ ሰው ቢኖር ልጆቹን ሌሎቹ ሊያሳድጉለት ቃል ተገባብተው በጣት አሻራ ፈረሙ። በቀጣዩ ዓመት ምርታቸው በብዙ እጥፍ ጨመረ። የክፍለ ሀገሩ መሪዎችም ከመቅጣት ይልቅ ሙከራው እንዲቀጥል ፈቀዱ።

መንግሥት በ1979 የኮታ እህልን የመግዣ ዋጋ በ20 በመቶ ከፍ አደረገ። ከኮታ በላይ ለሚያስረክብ ደግሞ ሌላ የ50 በመቶ ጭማሪ ፈቀደ። የአገሪቱ የእህል ምርት በ1978 ከነበረበት ወደ 305 ሚሊዮን ቶን፣ በ1984 ወደ 407 ሚሊዮን ቶን ደረሰ። መሬቱ ለግል አልተሸጠም። በጋራ ባለቤትነት ሥር ሆኖ የመጠቀም መብቱ ብቻ ለቤተሰብ በውል ተሰጠ። የውሉ ዘመን መጀመሪያ 15፣ በኋላም 30 ዓመት ሆነ።

ለዚህ ውጤት ቀድሞ የተሠራ መሠረትም ነበር። የመስኖ አውታሮች ተዘርግተው፣ የማዳበሪያ ፋብሪካዎች ተተክለው፣ ድቃይ የሩዝ ዘር ወጥቶ ነበር። ከምርቱ የተገኘው ገንዘብ በየገጠሩ አነስተኛ ፋብሪካዎችን ወለደ። በ1990ዎቹ አጋማሽ እነዚህ የቀበሌና የወረዳ ድርጅቶች ከ100 ሚሊዮን በላይ ሰው ቀጥረው ነበር። ከእርሻ የተረፈው ጉልበት መሄጃ አገኘ ማለት ነው።

የህንድ መንገድ፡ ዘር፣ ዋጋና ወተት

ህንድ ነፃነቷን ባገኘች በ18 ዓመቷ፣ በ1965 እና በ1966 በተከታታይ ድርቅ ተመታች። ሕዝቧን የመገበችው ከአሜሪካ በመርከብ በሚመጣ ስንዴ ነበር። የግብርና ሚኒስትሩ ሲ. ሱብራማንያም ከተመራማሪው ኤም. ኤስ. ስዋሚናታን ጋር ሆነው፣ ኖርማን ቦርሎግ በሜክሲኮ ያወጣውን አጭር ቁመት ያለውን የስንዴ ዘር ለማስገባት ወሰኑ። በ1966 18 ሺህ ቶን ዘር ገባ። ይህ ስንዴ ማዳበሪያ ሲደረግለት ሳይጋሽብ ብዙ ፍሬ ይሰጣል።

ዘሩ ብቻውን ግን አልተላከም። በ1965 የተቋቋመው የህንድ የምግብ ኮርፖሬሽን፣ መንግሥት ቀድሞ በሚያሳውቀው ዝቅተኛ የመግዣ ዋጋ የአርሶ አደሩን እህል ይረከብ ጀመር። በፑንጃብና በሃሪያና የሚገኘው አርሶ አደር ምርቱ ቢበዛ ዋጋ ወድቆ እንደማይከስር ስላወቀ ለጉድጓድና ለማዳበሪያ ገንዘቡን አወጣ። በ1964–65 ወደ 12 ሚሊዮን ቶን የነበረው የስንዴ ምርት በአምስት ዓመት ውስጥ 20 ሚሊዮን ቶን ደረሰ።

በወተትም በኩል በ1946 በጉጃራት የተጀመረው፣ በኋላ አሙል የተባለው ማኅበር፣ ቬርጌዝ ኩሪየን በመሩት ሥራ አርአያ ሆነ። አንድ ወይም ሁለት ላም ያላት እናት ጠዋትና ማታ ወተቷን ለመንደሯ ማኅበር ታስረክባለች። ወተቱ በመጠኑና በቅባቱ ይለካል፣ ክፍያውም በዚያው ይሰላል። ከ1970 ጀምሮ ይኸው አሠራር በመላ አገሪቱ ተስፋፋ። ህንድም በ1990ዎቹ መጨረሻ ከዓለም በወተት ምርት አንደኛ ሆነች።

የከፈሉት ዋጋ

ሁለቱም መንገዶች ዋጋ አስከፍለዋል። በቻይና ከገጠር ወደ ከተማ የሄደው ሠራተኛ የነዋሪነት ምዝገባው በገጠር ስለሚቀር፣ ልጆቹን ከተማ ለማስተማር ይቸገራል። በዚህም የተነሣ ከአያቶቻቸው ጋር የቀሩ ልጆች በሚሊዮን ይቆጠራሉ። የአካባቢ አስተዳደሮች መሬት ለከተማ ማስፋፊያ ሲወስዱ የሚከፍሉት ካሣ ለብዙ ቅሬታ ምክንያት ሆኗል። ማዳበሪያም ከልክ በላይ ስለተጨመረ መንግሥት በ2015 ጭማሪውን ለመግታት ዕቅድ አወጣ።

በህንድ ደግሞ የዋጋ ዋስትናው በተግባር ስንዴና ሩዝን ስለሚጠቅም፣ ፑንጃብ ውኃ በሚያጥረው መሬቷ ሩዝ ማምረት ቀጠለች። የከርሰ ምድር ውኃዋም ዓመት በዓመት እየራቀ ነው። ከሁሉም በላይ ከእርሻ የሚወጣውን ጉልበት የሚቀበል ፋብሪካ በበቂ አልተስፋፋም። ዛሬም ከ100 ሠራተኞች ከ40 በላይ የሚሆኑት በግብርና ላይ ናቸው። በቻይና ቁጥሩ ከሩብ በታች ወርዷል።

በሌላ በኩል የህንድ አርሶ አደር ድምፁን የማሰማት ዕድል አለው። በ2020 የወጡትን ሦስት የግብርና ገበያ ሕጎች በመቃወም በዴልሂ መግቢያዎች ለአንድ ዓመት ያህል ተቀመጠ። መንግሥትም በኅዳር ወር 2021 ሕጎቹን ሻረ። በቻይናው ረኃብ ጊዜ እውነቱን የሚናገር ቢኖርና ቢደመጥ ኖሮ ስንት ነፍስ በዳነ ነበር!

ለእኛ የሚቀረው ትምህርት

ዕድሜያቸው የገፋ አርሶ አደሮቻችን የኮታ እህል ምን እንደነበር፣ በ1982 ዓ.ም ሲነሳም ምን ስሜት እንደፈጠረ ያስታውሳሉ። የሺያኦጋንግ ታሪክ ለእነርሱ እንግዳ አይደለም። ከሁለቱ አገራት የምንወስደው ትምህርት አንዱን መርጦ መቅዳት አይደለም። ምርጥ ዘር ያለ አስተማማኝ ገበያ ዕዳ ይሆናል። ገበያውም ለአንድ ሰብል ብቻ ካደላ ውኃውንና አፈሩን ይጨርሳል። ምርቱ ቢያድግም፣ ለወጣቱ ከእርሻ ውጭ ሥራ በአቅራቢያው ካልተከፈተ የማሳው ስፋት በየትውልዱ እየተቆራረሰ ይሄዳል።

ለወረዳ አመራርና ባለሙያ ደግሞ አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል። የቻይናን ሕዝብ ለረኃብ ከዳረጉት ነገሮች አንዱ በወረቀት ላይ የበዛ ምርት ነበር። ከረኃብ በኋላ ለተገኘው ዕድገት መንገድ የከፈቱት ደግሞ አርሶ አደሩ በማሳው የሞከረውን አይተው፣ ውጤቱን መዝነው እንዲቀጥል የፈቀዱ ሹማምንት ናቸው። ስለዚህ የምርት ሪፖርት ሲሞላ ቁጥሩ ከአውድማው የመጣ መሆኑን ማረጋገጥ ከማንኛውም ዕቅድ ይቀድማል።