የአው በርኸድሌ መቃብርና ያላለቀው የደም ካሳ

ከሐርጌሳ በስተሰሜን ምሥራቅ በገጠር የሚገኘው የአው በርኸድሌ መቃብር በሱማሌዎች ዘንድ እጅግ የተከበረ ስፍራ ነው። ሦስት ጊዜ የተሳለመው ሰው አንድ ጊዜ ወደ መካ ሐጅ እንደ ሄደ ይቈጠርለታል ይባላል። ዋናው ስማቸው ሼህ ዩሱፍ አል ከውነይን ሲሆን፣ የዐረብኛን አናባቢዎች በሱማልኛ የማስተማርን ዘዴ ያወጡ እርሳቸው ናቸው ይላሉ፤ የይፋት ገዥዎች የወላስማዎች የትውልድ ሐረግም ወደ እርሳቸው ይመዘዛል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን አፈ ታሪኩ ነው። ቡር ባዕየር የተባለ ጠንቋይ ኃይሉን ለማሳየት ኮረብታውን ሰንጥቆ ቢገባ፣ ሼሁ ጸልየው ዘጉበት። ወገኖቹም የደም ካሳ ጠየቁ። ካሳው በአንድ ቀን ተከፍሎ የሚያልቅ አልሆነም፤ ይኸውም ወንድ ልጅ በተወለደ ጊዜና በሠርግ ዕለት፣ የጠንቋዩ ዘሮች ለሚባሉት ለይብሮች ስጦታ መስጠት ልማድ ሆነ። እንዲህ ያለ ረዥም ጉማ በሌላ ስፍራ አልሰማንም። ይብሮች በአዘቦት ቀን የተናቁ ሲሆኑ፣ በደስታ ቀን ግን ባዶ እጃቸውን ከደጅ የሚመልሳቸው አልነበረም፤ እርግማናቸው ይፈራልና።