«ተንሸራሸረ»፦ መድረሻ የሌለው እንቅስቃሴ ፍቺና አገልግሎት

የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ የየራሳቸው ቋንቋ ስላላቸው ግን፣ ለብዙ የክልሉ ተማሪና ሠራተኛ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋ ነው። ለእንዲህ ያለው ተማሪ «ተንሸራሸረ» ማለት «ቀስ ብሎ ሄደ» ማለት ነው ቢባል ፍቺው ጎዶሎ ይሆናል። ይህ ጽሑፍ ጉድለቱ የት ላይ እንደሆነ ያሳያል።

ግሱ የተገኘው ከ«ሽ-ር-ሽ-ር» ሥር ነው። «ቀሰቀሰ» እና «ተንቀሳቀሰ» በቅርጽ እንደሚዛመዱ ሁሉ «ሸረሸረ» እና «ተንሸራሸረ»ም ይዛመዳሉ። በእንዲህ ያሉ ሥሮች የተነባቢዎቹ መደገም አብዛኛውን ጊዜ የድርጊትን መደጋገም ያመለክታል። ጎርፍ አፈርን የሚሸረሽረው ጥቂት በጥቂት፣ ደጋግሞ በማጠብ ነው፤ የሚንሸራሸር ሰውም ወዲያ ወዲህ ይላል።

ዋናው ልዩነት በዐረፍተ ነገር ውስጥ ይታያል። «ከአሶሳ ወደ ባምባሲ ሄደ» ማለት ትክክል ነው፤ «ከአሶሳ ወደ ባምባሲ ተንሸራሸረ» ግን ለጆሮ ይጎረብጣል። «አሶሳ ከተማ ውስጥ ተንሸራሸረ» ቢባል ችግር የለበትም። ግሱ ቦታን እንጂ መድረሻን አይቀበልም ማለት ነው። «ለሽርሽር ወደ ባምባሲ ሄደ» በሚለውም መድረሻውን የሚሸከመው «ሄደ» ነው።

መድረሻ አለመኖሩ ብቻውን ግን አይበቃም። ሕሙማንን ለማየት ከክፍል ወደ ክፍል የምትሄድ ነርስ «ተዘዋወረች» እንጂ «ተንሸራሸረች» አትባልም፤ ሥራ ላይ ናትና። ሐሳብ ገብቶት በግቢው የሚመላለስም «ተንጎራደደ» ይባላል። «ተንሸራሸረ» የአእምሮ ዕረፍትን ይጠይቃል። በከተሞች ወጣቶች ዘንድ የተለመደው «ወክ አደረገ» ለዚህ ቅርብ ቢሆንም በእግር የተወሰነ ነው፤ «በመኪና ተንሸራሸሩ» ይባላል፣ «በመኪና ወክ አደረጉ» ግን አይባልም።

ይህ ባሕርይ ቃሉ ወደ ቢሮ ሲገባም አይለቀውም። «በስብሰባው ሰፊ ሐሳብ ተንሸራሸረ» የሚል ቃለ ጉባኤ ሐሳቡ ከአንዱ ተናጋሪ ወደ ሌላው መዘዋወሩን ይገልጻል፤ ከውሳኔ መደረሱን አይናገርም። አማርኛን በትምህርት ቤት የተማረ ጸሐፊ ቃሉን «ስምምነት ተደረሰ» በሚለው ቦታ ቢያስገባው፣ በኋላ መዝገቡን የሚያገላብጥ ሰው ያልተወሰነውን እንደ ተወሰነ፣ የተወሰነውንም እንዳልተወሰነ ሊቆጥር ይችላል።

ስለዚህ ለሁለተኛ ቋንቋ ተማሪዎች በሚዘጋጅ መማሪያ ውስጥ ቃሉ በተመሳሳይ ፍቺ ብቻ መቅረብ የለበትም። ከ«ሄደ»፣ ከ«ተዘዋወረ» እና ከ«ተንጎራደደ» ጋር በዐረፍተ ነገር ተነጻጽሮ፣ ከ«ወደ» ጋር የማይስማማ መሆኑም ተጠቅሶ ሊቀርብ ይገባል።