ተምሮ የሚመለስ ልጅ
የቤተ እስራኤል ወጣቶችና ያሳደጓቸው ታላላቆች

በ1955 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) 12 የቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁዳውያን) ልጆች ከኢትዮጵያ ተነሥተው እስራኤል ገቡ። ያረፉት ከቴል አቪቭ በስተሰሜን፣ ራዓናና በምትባል ከተማ ባለው በክፋር ባትያ የወጣቶች አዳሪ መንደር ነበር። በዓመቱ ሌሎች 15 ተከተሏቸው። ውሉ ግልጽ ነው፦ ዕብራይስጥና ኦሪት ትማራላችሁ፣ ማስተማር ትለምዳላችሁ፣ ከዚያ ወደ አገራችሁ ተመልሳችሁ ታስተምራላችሁ።

ስለ ኢትዮጵያ አይሁዳውያን ሲነሣ ለብዙ ሰው ቀድሞ ትዝ የሚለው ወደ እስራኤል ያጓጓዛቸው አውሮፕላን ነው፤ የሙሴ ዘመቻ፣ የሰሎሞን ዘመቻ። አውሮፕላኑ ከመምጣቱ በፊት ግን ያስተማሩ፣ ያስተባበሩ፣ ስም የመዘገቡ ወጣቶች ነበሩ። እነሱንም ያፈሩ ሌሎች ወጣቶች ነበሩ። ይህ ጽሑፍ የሚያስተዋውቀው ያንን ሰንሰለት ነው።

ግንብ የሌለው ማኅበረሰብ

ሐረር ላደገ ሰው የቤተ እስራኤል ችግር ቶሎ ላይታየው ይችላል። ጀጎል፣ አሮጌው ከተማ፣ በግንብ የታጠረ ነው፤ ከፈላና በር ተነሥቶ ከተማውን በእግር አቋርጦ በድሪ በር ለመድረስ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ሐረሪው አፎቻ የሚባል የመረዳጃ ማኅበር አለው፤ ሠርጉም ለቅሶውም በአፎቻ ይከናወናል። ወጣቱ ወጉን የሚማረው ከታላላቆቹ ጎን ሆኖ እያገለገለ ነው። ሰዉ ቁጥሩ ጥቂት ቢሆንም አንድ ላይ ስለሆነ ልጁን አያጣውም።

ቤተ እስራኤል እንዲህ ያለ አጥር አልነበራቸውም። መኖሪያቸው ከደምቢያና ከወገራ እስከ ሰሜን ተራሮች፣ ከወልቃይት እስከ ሽሬ በተበተኑ ትናንሽ መንደሮች ነበር። ርስት ስለማይፈቀድላቸው በጭሰኝነት ያርሳሉ፤ ወንዱ ይቀጠቅጣል፣ ይሸምናል፣ ሴቷ ሸክላ ትሠራለች። ጎረቤት ማረሻውን ያሠራቸዋል፣ ማሰሮውን ይገዛቸዋል፣ ዞር ብሎ ደግሞ «ቡዳ» ይላቸዋል። እምነቱን ጠብቀው ያቆዩት ቄሶቹና መነኮሳቱ ናቸው፤ የሚጸልዩት በግዕዝ፣ የሚያነቡት የግዕዙን ኦሪት ነው። ለዘመናዊ ትምህርት የሚጓጓ ልጅ ግን በቅርብ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ነበር። እዚያ የገባ ደግሞ ሃይማኖቱን ቀይሮ ሊወጣ ይችላል።

የመጀመሪያዎቹ ልጆች

ዣክ ፋይትሎቪች በ1904 ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ገና ወጣት ነበር። የተወለደው ፖላንድ፣ ሎድዝ ከተማ ሲሆን፣ ፓሪስ ላይ ከእሱ በፊት ቤተ እስራኤልን ከጎበኘው ከዮሴፍ ሃሌቪ ሥር ተምሯል። ሲመለስ ሁለት ልጆች ይዞ ሄደ፤ ጌቴ ኤርምያስንና ታምራት አማኑኤልን። ታምራት ያኔ አሥመራ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ይማር ነበር። ፓሪስ፣ ከዚያም ጣሊያን ቆይቶ ሊቅ ሆኖ ተመለሰ።

ፋይትሎቪች በየጉዞው ልጆች እየመረጠ ወደ አውሮፓና ወደ ኢየሩሳሌም ወሰደ፤ በጠቅላላው ወደ 25 ይሆናሉ። ውጤቱ የተደበላለቀ ነበር። የሰው አገር ብርድና በሽታ ያልቻሉ፣ እዚያው የሞቱ አሉ። ተምረው ሲመለሱ መንግሥት የወሰዳቸውም አሉ፤ ታደሰ ያዕቆብ ለምሳሌ በንጉሡ ዘመን ከፍተኛ ባለሥልጣን ሆነዋል። ለአገር የጠቀመው ትምህርት መንደሩን ግን አልደረሰውም።

በ1923 አዲስ አበባ ላይ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ኃላፊው ታምራት ሆኑ። ፈቃዱ የተገኘው ቀደም ሲል የሐረር ገዥ ከነበሩት ከአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ነው። ከጎንደር በእግርና በበቅሎ ሳምንታት ተጉዘው የመጡ ልጆች እዚያ አድረው ይማሩ ነበር። የጣሊያን ወረራ ትምህርት ቤቱን አዘጋው፤ ታምራትም ተሰደዱ። ከሥራቸው የቀረው ትልቁ ፍሬ ግን ሰው ነበር፤ ዮና ቦጋለ።

ዮና ጎንደር አቅራቢያ ባለችው ወለቃ ተወልደው በልጅነታቸው ከፋይትሎቪች ጋር ወጡ። ኢየሩሳሌም፣ ፍራንክፈርት፣ ስዊዘርላንድና ፓሪስ ተምረው አዲስ አበባ ላይ መምህር ሆኑ። ከጦርነቱ በኋላ በትምህርት ሚኒስቴር ሲሠሩ ቆይተው በ1950ዎቹ የመንግሥት ሥራቸውን ትተው ወደ ወገናቸው ዞሩ። በየዓመቱ በአማርኛ የበዓላት መቁጠሪያ እያዘጋጁ በየመንደሩ ያሰራጩ ነበር። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። የተበተነ ሕዝብ ግን በዓሉን በአንድ ቀን እንዲያከብር የሚያደርገው እንዲህ ያለ ወረቀት ነው።

ከአሥመራ እስከ ክፋር ባትያ

በ1954 የአይሁድ ኤጀንሲ ሽሙኤል በኤሪ የሚባሉ ረቢ ልኮ አሥመራ ላይ አዳሪ ትምህርት ቤት ከፈተ። ከተማዋ የተመረጠችው ከዔደን የመጡ አይሁድ ነጋዴዎች ስለነበሩባትና ምኩራብ ስለነበራት ነው። ከየመንደሩ ልጆች፣ ወጣት ቄሶችም ጭምር መጡ። ወደ ክፋር ባትያ የሄዱት ከእነዚህ መካከል ተመርጠው ነው።

ክፋር ባትያ የተቋቋመው በ1940ዎቹ ሲሆን ከናዚ እልቂት ለተረፉ ልጆች ነበር። አሜሪካ ያሉ ሃይማኖተኛ አይሁዳውያን ሴቶች ማኅበር ያስተዳድረው ነበር። ወላጅ አልባውን ልጅ ማሳደግ የለመደ ቦታ ስለሆነ እንግዶቹን ለመቀበል አልተቸገረም። ቋንቋው ለልጆቹ ጨርሶ ባዕድ አልነበረም፤ ዳዊት የደገመ ልጅ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል የሚለውን ቅደም ተከተል ከመዝሙር 118 ክፍሎች ላይ ያውቀዋል። አዲስ የሆነበት ከቀኝ ወደ ግራ መጻፉና አናባቢው ከፊደሉ ሥር በነጥብ መምጣቱ ነው።

የእስራኤል መንግሥት በዚያን ጊዜ ቤተ እስራኤልን፣ አይሁዳውያን እስራኤል መጥተው ዜጋ እንዲሆኑ በሚፈቅደው በመመለስ ሕግ አልተቀበላቸውም። ስለዚህ መመለሱ የልጆቹ ምርጫ ብቻ አልነበረም፤ ፖለቲካም ነበረበት። የሆነ ሆኖ አብዛኞቹ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ተመለሱ።

መምህሩ መንደር ሲገባ

አሥራ ሰባት፣ አሥራ ስምንት ዓመት የሆነው ልጅ ጥቁር ሰሌዳ ይዞ ጎንደር ዙሪያ ያለ መንደር ይገባል። ክፍሉ የሣር ጎጆ ነው፣ መቀመጫው የጭቃ መደብ። ጠዋት ልጆቹን፣ ማታ ከሥራ የተመለሱትን ጎልማሶች ያስተምራል። ሰንበት ሲደርስ ወንበሩ የቄሱ ነው፤ እሱ ከሥር ይቀመጣል።

ከባዱም ፈተና እዚህ ላይ ነበር። መምህሩ የተማረው ሃይማኖት ከአባቶቹ ጋር በሁሉ አይገጥምም። ሐኑካ የሚባል በዓል መንደሩ አያውቅም፤ ጸሎቱ በዕብራይስጥ ሳይሆን በግዕዝ ነው፤ ቄሶቹ በፋሲካ መሥዋዕት ያርዳሉ፣ የውጭዎቹ አይሁድ ግን ይህን ከተዉ ዘመናት አልፈዋል። ትናንት እግር ያጠባቸው ልጅ መጥቶ «ሥርዓታችን እንዲህ አይደለም» ቢላቸው ማን ይሰማዋል? የተሳካለት መምህር መጀመሪያ ሽማግሌውንና ቄሱን አስቀድሞ፣ አስፈቅዶ፣ ከዚያ ሰሌዳውን የሰቀለው ነው።

ጎንደር አቅራቢያ አምቦበር ላይ የነበረው ትምህርት ቤት ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ ወጣ። አምቦበር የስግድ፣ የቤተ እስራኤል ዓመታዊ በዓል፣ ትልቅ መሰብሰቢያም ስለነበር፣ ከሩቅ ለስግድ የመጣ ልጅ ትምህርት ቤቱን አይቶ፣ ተማሪዎቹን ተዋውቆ ይመለሳል። እርስ በርስ የማይተዋወቁ መንደሮች ወጣቶቻቸው ተዋወቁ። በትውልድ ያልተገናኘ በትምህርት ተገናኘ።

ገንዘቡ ግን ብዙ አልቆየም። በ1950ዎቹ መጨረሻ ኤጀንሲው በጀቱን ሲቀንስ የአሥመራው ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ ከመንደር ትምህርት ቤቶቹም አብዛኞቹ ተዘጉ። ደመወዝ ያጣው መምህር ወደ ሌላ ሥራ ገባ። መጀመሪያ ክፋር ባትያ ከገቡት 12 ልጆች አንዱ የነበረው ባሩክ ተገኘ ከ1974ቱ አብዮት በኋላ በሱዳን አድርጎ ናይጄሪያ ድረስ ተንከራተተ፤ በ1976 በመርከብ እስራኤል ደረሰ፤ እስከ ሞተበት እስከ 2010 ድረስ ለወገኖቹ ሲሟገት ኖረ።

ኮሚቴ

በ1973 የእስራኤል የሰፋርድ አይሁድ ዋና ረቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል አይሁድ መሆናቸውን ወሰኑ፤ በ1975 መንግሥት የመመለስን ሕግ ተገበረላቸው። መንገዱ ግን ዝግ ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ የትግራይ ተወላጁ መምህር ፈረደ አክሉም ወደ ሱዳን ተሻግሮ ከእስራኤል ጋር ተገናኘ፤ በእሱ ምልክት ሺዎች እግራቸውን አነሡ።

በገዳሪፍ አካባቢ በነበሩት የስደተኛ ካምፖች፣ በኡም ራኩባና በታዋዋ፣ ሥራውን የተሸከሙት «ኮሚቴ» የሚባሉ ወጣቶች ናቸው። አብዛኞቹ ማንበብና መጻፍ የቻሉ፣ ዐረብኛ የለቀሙ ነበሩ። ከእስራኤል የስለላ ድርጅት ከሞሳድ ሰዎች ገንዘብ ተቀብለው ለቤተሰቡ ያከፋፍላሉ፤ ማን ታመመ፣ ማን አረፈ፣ የማን ልጅ ብቻውን ቀረ ብለው ይመዘግባሉ። ተራው የደረሰውን ቤተሰብ የሚነግሩት በመጨረሻው ሰዓት ነው፤ ድስቱ እሳት ላይ እያለ፣ ጎረቤት ሳያውቅ፣ በጨለማ ወደ መኪናው ይመሩታል። የተያዙ ነበሩ፤ እስር ቤት የተገረፉም ነበሩ።

በመንገድና በካምፕ ወደ 4,000 ሰው አልቋል። ኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 በተካሄደው የሙሴ ዘመቻ 8,000 ገደማ ሰው ሲወጣ፣ ዝርዝሩን ይዘው የነበሩት እነዚያ ወጣቶች ናቸው።

የወጣቶች መንደር

ብዙ ልጆች እስራኤል የደረሱት ያለ ወላጅ ነው። የተቀበላቸው «የወጣቶች ዓሊያ» የሚባለው ተቋም ነበር፤ ሬካ ፍራየር የምትባል ሴት በ1933 በርሊን ላይ የጀመረችው፣ ልጆችን ከናዚ ለማውጣት የታሰበ። በ1980ዎቹ ከኢትዮጵያ የመጡት አሥራዎቹ ውስጥ ያሉ ልጆች አብዛኞቹ በእሱ አዳሪ መንደሮች አደጉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እኩዮች በአንድ ቡድን ይመደባሉ፤ ቡድኑ «ማድሪክ» የሚባል መሪ አለው። ማድሪኩ መምህር አይደለም። ጠዋት ይቀሰቅሳል፣ ከትምህርት በኋላ ያስጠናል፣ ሲጣሉ ያስታርቃል፣ አርብ ማታ አብሮ ይበላል። ልጆቹ ሊያዝኑበትም ሊወቅሱትም የሚችሉት ታላቅ ወንድም ነው። መጀመሪያ ላይ እስራኤላውያኑ ማድሪኮች ኢትዮጵያዊውን ልጅ አልተረዱትም። ሲናገሩት ዓይኑን መሬት ላይ ይተክላል፤ እነሱ ደብቋል ወይም ፈርቷል ይላሉ፣ እሱ ግን ታላቁን እያከበረ ነው። «ገባህ?» ሲሉት ባይገባውም «አዎ» ይላል፤ እምቢ ማለት ነውር ነዋ። ነገሩ የተፈታው ቀድመው ያደጉት ኢትዮጵያውያን ራሳቸው ማድሪክ ሲሆኑ ነው።

ከእነዚህ መንደሮች በሰፊው የሚታወቀው የሚን ኦርድ ነው። ከሃይፋ ደቡብ፣ ቀርሜሎስ ተራራ ላይ በ1953 ተቋቋመ። ስሙ የተወሰደው ከኦርድ ዊንጌት ነው፤ በ1941 የጌዴዎንን ጦር እየመራ ከአርበኞች ጋር በጎጃም ገብቶ ንጉሡን አዲስ አበባ ካደረሰው እንግሊዛዊ መኮንን። አዲስ አበባ ጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት የተማረና የሚን ኦርድ ያደገ ሁለቱም በአንድ ሰው ስም ተምረዋል። ሩዋንዳ ውስጥ ከዘር ጭፍጨፋው በኋላ ወላጅ ላጡ ወጣቶች በ2008 የተከፈተው አጋሆዞ ሻሎም መንደርም ከየሚን ኦርድ የተቀዳ ነው።

አዳሪ መንደሩ ያበላሸውም አለ። ልጁ ዕብራይስጥ ሲያቀና አማርኛው ወይም ትግርኛው ተሸረሸረ። ስሙም ተቀየረ፤ አባቱ ያወጡለትን የማይጠሩለት ቦታ ኖረ። ቆይተው የመጡት ወላጆች ሐኪም ቤት ሲሄዱ አስተርጓሚው ያው ልጃቸው ሆነ፤ ትልቁ በትንሹ ተመራ። ብዙ ትችት ከተሰማ በኋላ ቤተሰብን ያካተተ፣ በሰፈር የሚሠራ የወጣት ሥራ ተጀመረ። ስግድ ከ2008 ጀምሮ ብሔራዊ በዓል ሆኗል፤ በኢየሩሳሌም ኮረብታ ላይ ቄሶቹ በግዕዝ ሲጸልዩ በአውቶቡስ የመጡ የአዳሪ ትምህርት ቤት ልጆች ከሥር ቆመው ይሰማሉ። ዛሬ እስራኤል ውስጥ ከ160,000 በላይ የኢትዮጵያ ተወላጆች አሉ።

ጎንደርና አዲስ አበባ ላይም ወደ እስራኤል የሚደረገውን ጉዞ የሚጠባበቁ ማኅበረሰቦች አሉ። ብኔይ አኪቫ የተባለው የወጣቶች ንቅናቄ እዚያ ቅርንጫፍ አለው፤ ሰንበት ከሰዓት በኋላ ትልልቆቹ ታናናሾቹን ሰብስበው ዘፈን፣ ጨዋታና ኦሪት ያስተምራሉ። ከጎንደር አንድ ወጣት በ2018 ኢየሩሳሌም ድረስ ሄዶ በመጽሐፍ ቅዱስ ጥያቄና መልስ ውድድር ተካፍሏል። የማስተማሪያው መንገድ ያው ነው፦ ያወቀው ላላወቀው።

ከታሪኩ የሚወሰድ

የፋይትሎቪች ልጆች ሊቅ ሆኑ፤ ሲመለሱ ግን በየመንደራቸው የሚገቡበት ትምህርት ቤት ገና አልነበረም። የክፋር ባትያዎቹ ትምህርት ቤት አገኙ፤ ደመወዛቸው ተቋረጠ። የኮሚቴዎቹ ወጣቶች ደመወዝም ሕንፃም አልነበራቸውም፤ ነገር ግን ሕዝቡ ያውቃቸው ነበር፣ እነሱም እያንዳንዱን ቤተሰብ በስሙ ያውቁ ነበር። ስለዚህ ሠሩ።

ዛሬም ልጆችን መርጦ ከተማ ወይም ውጭ አገር የሚልክ እድር፣ ማኅበር ወይም ለጋሽ ብዙ ነው። ስንት እንደላከ ይቆጥራል። ከዚያ በፊት ሦስት ጥያቄ ቢያነሣ ይበጀዋል፦ ሲመለስ ማን ይከፍለዋል? ከየትኛው ሽማግሌ ጎን ይቀመጣል? በእጁ የሚሰጡት ታናናሾች የትኞቹ ናቸው? መልስ ያላቸው ከሆኑ ልጁን መላክ ይቻላል። መልስ ከሌላቸው መጀመሪያ መሥራት ያለበት ልጁ የሚመለስበትን ቦታ ነው።