በመጋጠሚያው ላይ የሚነበብ ዝምድና፦ የፊልም ቅንብርና ድምፅ

የፊልም ቅንብር፣ በሙያው ሰዎች አጠራር ኤዲቲንግ፣ በተለያየ ቦታና ጊዜ የተቀረጹ ምስሎችን እየመረጡ፣ እየቆረጡና እየቀጠሉ አንድ ታሪክ የማድረግ ጥበብ ሲሆን፣ ተመልካች በገጸ ባሕርያት መካከል ያለውን ፍቅር ወይም መራራቅ ብዙ ጊዜ የሚረዳው ከንግግራቸው ይልቅ ከዚህ መጋጠሚያ ነው። ሶቪየታዊው ሌቭ ኩሌሾቭ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት አንድን የተዋናይ ፊት አንዴ ከሾርባ፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን ጋር አጋጥሞ፣ ያው ፊት የተራበም ያዘነም መስሎ እንደሚታይ አሳይቷል።

ድምፅ ደግሞ ምስሉ የቆረጠውን ያያይዛል፤ የሚቀጥለው ትዕይንት ድምፅ ምስሉን ቀድሞ ሲሰማ፣ የተለያዩ ሰዎች በአንድ ሐሳብ ይተሳሰራሉ። በድጓ፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን ዜማ፣ ማስመስከሪያነቱ በታወቀው በጋይንቱ ቤተ ልሔም ማሕሌት ሲቆም የሰማ ሰው፣ ዐይኑን ጨፍኖም ቢሆን ማን እንደሚመራ፣ ማን እንደሚቀበል፣ የቀኝና የግራው ወገን መዘምራን መቼ አንድ እንደሚሆኑ ስለሚለይ፣ ይህ አሠራር እንግዳ አይሆንበትም።

የጎንደር ተወላጁ የፊልም ዳይሬክተር ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ2008 ለእይታ ያበቁትና በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማት ያገኘው «ጤዛ» ቅንብርና ድምፅ ዝምድናን እንዴት እንደሚገልጡ ሁነኛ ማሳያ ነው። በጀርመን ሕክምና የተማረው አንበርብር የደርግን ዘመን አይቶ፣ እግሩን አጥቶ ወደ ትውልድ መንደሩ ይመለሳል፤ ቅንብሩ ግን ታሪኩን በቅደም ተከተል አይተርክም፤ ሰውየውን ከእናቱ አጠገብ ነጥቆ ወደ ጀርመን ወይም ወደ አዲስ አበባ ይወስደዋል። ተመልካቹ ልጁ በሐሳብ የሄደበትን ሲያይ እናቲቱ የምታየው አጠገቧ ያለውን አካሉን ብቻ በመሆኑ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ያሉትን ሁለቱን የሚለያያቸው ጊዜ ነው። ይህ መመላለስ የሚያደክመው ተመልካች አይጠፋም፤ ሆኖም ታሪኩ በቅደም ተከተል ቢነገር ኖሮ የእናቲቱ ጭንቀት ግማሹ በጠፋ ነበር። ጆርጋ መስፍንና ቪጄይ አየር የደረሱት ሙዚቃም ከዚሁ የጊዜ መቆራረጥ ጋር አብሮ ይጓዛል።

ዝምድናን የሚያሳየው መቁረጥ ብቻም አይደለም። ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጡት በጥቁርና ነጭ በተቀረጸው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»፣ ካሜራው በጭሰኛው ቤተሰብ ልፋት ላይ ረጅም ጊዜ ሳይቆረጥ ይቆያል፤ ባለመሬቱና ጭሰኛው ያላቸው ግንኙነት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ተመልካቹ የሚገነዘበው ራሱም በዚያ ርዝመት ውስጥ ተቀምጦ ሲጠብቅ ነው።