አንድ ማሳ፣ ሁለት ባለይዞታ

አንድን ማሳ ሁለት ገበሬዎች «የእኔ ነው» ባሉ ጊዜ፣ ክርክሩ እልባት እስኪያገኝ የዘር ወቅት ሊያልፍ፣ መሬቱም ጦሙን ሊያድር ይችላል። ስለዚህ የአቤቱታን ሥርዐት አስቀድሞ ማወቅ ለአምራቹ እጅግ ይጠቅማል።

የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31/1967፣ በገበሬ ማኅበሩ ክልል የሚነሣውን የመሬት ክርክር የሚያይ የፍርድ ሸንጎ እንዲቋቋም ደንግጎ ነበር። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 456 ደግሞ ተከራካሪዎቹ ጉዳዩን በቅድሚያ በውይይትና በስምምነት እንዲጨርሱ፣ ይህ ካልሆነ ራሳቸው በሚመርጧቸው ሽማግሌዎች ወይም በየክልሉ ሕግ እንዲዳኙ ወሰነ። ይኸው አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል።

በክርክሩ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ጠንካራ ማስረጃ ነው። ሆኖም በስሕተት ወይም በማታለል የተገኘ መሆኑ ከተረጋገጠ ሊሠረዝ ስለሚችል፣ ድንበሩን ጠንቅቀው የሚያውቁ አዋሳኞች ምስክርነት ዋጋው ከፍተኛ ነው።

ሁለት ሰዎች ተሟግተው ሦስተኛው ባለመብት ሳይሰማ ፍርድ ቢሰጥስ? የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዐት ሕግ ቁጥር 358 መቃወሚያ እንዲያቀርብ ይፈቅድለታል፤ ነገር ግን ፍርዱ ከመፈጸሙ በፊት መሆን አለበት። ስለሆነም ባለይዞታው ደብተሩን በጥንቃቄ ሊይዝ፣ ወሰኑን ከአዋሳኞቹ ጋር ሊያስከብር፣ አቤቱታውንም ሳይዘገይ ሊያቀርብ ይገባል።