የቀይ ባሕር ዓሣ በመርካቶ፦ የዐርባ ቀን ሒሳብ

መርካቶ የሌለ ነገር የለም ይባላል። አሮጌ ብረት ወደ አዲስ ዕቃ ከሚለወጥበት ምናለሽ ተራ ጀምሮ እስከ ጨርቁ፣ ቅመሙና ፕላስቲኩ ድረስ ሁሉም በየተራው ይገኛል። ከገበያው የጎደለውን ደግሞ ሰው ዛሬ በኢንተርኔት ከውጭ ሀገር ሻጭ ያዛል። ከሚታዘዙት ነገሮች መካከል ግን ሕይወት ያለው ፍጡር ልዩ ጥያቄ ያስነሣል። ጫማ በካርቶን ታሽጎ ሲመጣ የሚደርሰን ጫማው ብቻ ነው፤ ዓሣ በፕላስቲክ ከረጢት ታሽጎ ሲመጣ ግን ከእርሱ ጋር ውኃ፣ ጋዝ፣ ቆሻሻና በዓይን የማይታይ ሌላ ነፍስ አብሮ ሊመጣ ይችላል።

በዚህ ጽሑፍ ታንግ የተባለውን የባሕር ዓሣ በምሳሌነት እንወስዳለን። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በሚገኘው መርካቶ የሚኖር ሰው ይህን ዓሣ አዝዞ በሕይወት ለማቆየት ቢፈልግ ምን ይገጥመዋል? አዲሱ ዓሣ ከሌሎች ተለይቶ ስንት ቀን መቆየት አለበት? ቁጥሩስ ከየት ይመጣል?

ታንግ ምን ዓይነት ዓሣ ነው?

ታንግ አካንቱሪዴ በሚባለው ቤተሰብ የሚመደብ፣ በኮራል ድንጋዮች መካከል የሚኖርና በአብዛኛው አልጌ የሚመገብ ዓሣ ነው። ከጅራቱ ሥር በግራና በቀኝ እንደ ምላጭ የሰላ እሾህ ስላለው በእንግሊዝኛ «ሰርጀን ፊሽ» ይሉታል፤ የቀዶ ጥገና ሐኪም ዓሣ እንደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ለዕይታ የበቃውን «ፋይንዲንግ ኒሞ» የተሰኘውን ፊልም የተመለከቱ አንባቢያን ዶሪን ያስታውሷታል፤ እርሷም የዚሁ ቤተሰብ አባል ናት።

ቀይ ባሕርም የራሱ ታንጎች አሉት። ሐምራዊ ገላና ቢጫ ጅራት ያለው ዜብራሶማ ዛንቱረም በቀይ ባሕርና በአጎራባች ባሕሮች ይኖራል፤ እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ያድጋል። አካንቱረስ ሶሃል የተባለው ደግሞ 40 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ይህን ዓሣ ለሳይንስ ያስተዋወቀው ፒተር ፎርስኮል የተባለው ተመራማሪ ሲሆን፣ ሥራው የታተመው እርሱ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1775 ነበር።

እንግዲህ ገዢው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሊጠይቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። የዓሣው ሳይንሳዊ ስም ማን ነው? ሲያድግ ምን ያህል ይሆናል? በሻጩ ዘንድ ስንት ቀን ቆየ? ሲመገብ የሚያሳይ ተንቀሳቃሽ ምስል አለ? ከባሕር የተያዘ ነው ወይስ በእርባታ የተገኘ? የመጨረሻው ጥያቄ ዛሬ ትርጉም ያለው ሆኗል፤ ቢጫው ታንግ እ.ኤ.አ. በ2015 በሀዋይ የምርምር ተቋም ውስጥ ከዕንቁላል ጀምሮ ለማደግ በቅቷልና። ሕይወት ያለው እንስሳ ወደ ሀገር ለማስገባት የሚያስፈልገው የጤና ፈቃድም ከትእዛዙ በፊት እንጂ ዓሣው አውሮፕላን ማረፊያ ከደረሰ በኋላ የሚፈለግ አይደለም።

በከረጢቱ ውስጥ ያለው ፊዚክስ

ዓሣው የሚጓዘው ጥቂት ውኃና ብዙ ንጹሕ ኦክስጅን በተሞላ ከረጢት ነው። በባሕር ዳር ከተማ ሲታሸግ የከባቢው አየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው። በመርካቶ ግን ግፊቱ ወደ 76 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል። በቦይል ሕግ መሠረት ሙቀቱ ሳይለወጥ ግፊቱ ሲቀንስ የጋዙ ይዞታ ይጨምራል፤ 3 ሊትር የነበረው ጋዝ 3 × 101 ÷ 76፣ ማለትም 4 ሊትር ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ጥንቁቅ ሻጭ ከረጢቱን እስኪወጠር አይሞላውም።

ሁለተኛው ጉዳይ ኬሚስትሪ ነው። ዓሣው በጉዞው ሁሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድና አሞኒያ ያስወጣል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ የውኃውን ፒኤች ዝቅ ስለሚያደርግ አሞኒያው በአብዛኛው ብዙም ጉዳት በማያስከትለው የአሞኒየም አየን መልክ ይቆያል። ከረጢቱ ሲከፈት ግን ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይተንናል፤ ፒኤቹም ከፍ ይላል። ፒኤች በአንድ ቁጥር ከፍ ሲል መርዛማው የአሞኒያ መልክ ዐሥር እጥፍ ያህል ይጨምራል። ረጅም ጉዞ ያደረገን ዓሣ ከረጢቱን ከፍቶ በዚያው ውኃ ለረጅም ሰዓት «እንዲለማመድ» መተው በርኅራኄ ስም የሚፈጸም መመረዝ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ትክክለኛው መንገድ ከረጢቱን እንደታሸገ በማቆያው ውኃ ላይ ለ20 ደቂቃ ያህል አንሳፍፎ ሙቀቱን ማስተካከል፣ የማቆያውን ጨዋማነት አስቀድሞ ከከረጢቱ ውኃ ጋር ማቀራረብ፣ ከዚያም ሳይዘገዩ ዓሣውን ብቻ ማዛወር ነው። የከረጢቱ ውኃ ወደ ማቆያው አይገባም። የጅራቱ እሾህ መረብ ላይ ስለሚጠመድ ዓሣውን በትንሽ ዕቃ ቀድቶ ማንሣት ይሻላል።

ወለል የነበረው ቁጥር ጣሪያ ሲሆን

በባሕር ጠለል ላይ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ያለው የባሕር ውኃ በአንድ ሊትር 6.7 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። በሄንሪ ሕግ መሠረት የሚሟሟው ጋዝ መጠን ከጋዙ ከፊል ግፊት ጋር ይመጣጠናል። የውኃ ትነቱን ግፊት ቀንሰን ስናሰላ በመርካቶ ከፍታ የሚገኘው 5 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። የዓሣ እርባታ መመሪያዎች በብዛት ከ5 ሚሊ ግራም በታች እንዳይወርድ ይመክራሉ። እንግዲህ በባሕር ዳር ወለል የሆነው ቁጥር ለእኛ ጣሪያ ነው ማለት ነው።

የአየር መርጫ ሞተር ይህን ጣሪያ ከፍ አያደርገውም፤ ውኃው ከጣሪያው እንዳይርቅ ብቻ ያግዛል። ስለዚህ በከፍታ ላይ የሚኖር ሰው ማድረግ የሚችለው ዓሣ አለማጨናነቅ፣ የውኃውን ገጽ ዘወትር ማንቀሳቀስና ሙቀቱን ከ25 ዲግሪ ብዙ አለማሳለፍ ነው፤ ውኃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳልና። ነገሩ የሚቻል መሆኑን የሜክሲኮ ሲቲ ከተማ ያስረዳል። በ2,240 ሜትር ከፍታ ላይ በምትገኘው በዚያች ከተማ እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የኢንቡርሳ አኳሪየም የባሕር ዓሦችን ያሳያል።

የመብራት መቋረጥም በሒሳብ ሊገባ ይገባል። 40 ሊትር የባሕር ውኃ በአንድ ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 164 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ያጣል። ገንዳው በአዲስ አበባ ቀዝቃዛ ሌሊት በ40 ዋት ፍጥነት ሙቀት ቢያጣ፣ በየ68 ደቂቃው አንድ ዲግሪ ይወርዳል። ገንዳውን በብርድ ልብስ መጠቅለልና በባትሪ የሚሠራ የአየር መርጫ ማዘጋጀት የዚህ ስሌት ውጤት ነው።

አሞሌ ባሕር አይሆንም

«ጨው እንደሆነ በመርካቶ ሞልቷል» የሚል አንባቢ አይጠፋም። የአፋር ጨው ታሪክም ይህን ሐሳብ የሚደግፍ ይመስላል። የዳናኪል ረባዳ ምድር ከመቶ ሺህ ዓመታት በፊት በቀይ ባሕር ውኃ ተጥለቅልቆ ነበር፤ የኮራል ቅሪቶች ዛሬም በዚያ ይታያሉ። ታዲያ አሞሌን በውኃ ብናሟሟው ባሕሩን መልሰን አናገኘውም?

አናገኘውም። የባሕር ውኃ ሲተን ጨዎቹ በአንድ ጊዜ አይረጉም። በመጀመሪያ ካርቦኔቶች፣ ቀጥሎ ጂፕሰም፣ ከዚያ የገበታ ጨው፣ በመጨረሻ የፖታሲየምና የማግኒዚየም ጨዎች ይዘቅጣሉ። በዳሎል አካባቢ የሚገኘው ፖታሽ የዚህ የመጨረሻ ምዕራፍ ቅሪት ነው። አሞሌ እንግዲህ ከባሕሩ መጽሐፍ የተቀደደ አንድ ገጽ ነው። በባሕር ውኃ ከሟሟው ጨው 85 በመቶ ያህሉ ሶዲየምና ክሎራይድ ቢሆንም ዓሣው የቀሩትን ማግኒዚየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ሰልፌት ጭምር ይፈልጋል። ስለዚህ ለባሕር አኳሪየም ተብሎ የተዘጋጀ ድብልቅ ጨው ያስፈልጋል፤ ለ40 ሊትር ውኃ 1.5 ኪሎ ግራም ገደማ። ትክክለኛነቱ በምላስ ሳይሆን በሃይድሮሜትር ወይም በሪፍራክቶሜትር ይለካል።

ተደብቆ የሚመጣው እንግዳ

ክሪፕቶካርዮን ኢሪታንስ የተባለው ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ተውሳክ የባሕር ዓሦች ዋና ጠላት ነው። ታንጎች ደግሞ በዚህ ተውሳክ በቀላሉ ከሚጠቁት ዓሦች ይመደባሉ። በገላቸው ላይ ጨው የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ ይታያል፤ ስንጥባቸው ሲጎዳም ትንፋሻቸው ይፈጥናል። ኦክስጅን በሳሳበት ከፍታ ላይ የስንጥብ መጎዳት ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ይገምታል።

የተውሳኩ የሕይወት ዑደት አራት ደረጃዎች አሉት። በመጀመሪያ በዓሣው ቆዳ ሥር ከ3 እስከ 7 ቀን እየተመገበ ይቆያል። ከዚያ ከዓሣው ይለቅቅና በገንዳው ወለል ይድኻል። በሦስተኛው ደረጃ ጠንካራ ከረጢት ሠርቶ በውስጡ ይባዛል፤ ይህ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 28 ቀን ይወስዳል። በመጨረሻ በመቶ የሚቆጠሩ ዋናተኞች ከከረጢቱ ወጥተው አዲስ ዓሣ ይፈልጋሉ፤ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ካላገኙ ይሞታሉ።

ነጠብጣቡ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ሲጠፋ ብዙ ሰው «ዓሣዬ ዳነ» ብሎ ወደ ዋናው ገንዳ ያስገባዋል። የጠፋው ግን በሽታው ሳይሆን የመጀመሪያው ደረጃ ነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ብዙ እጥፍ ሆኖ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ አዲሱ ዓሣ ብቻ ሳይሆን ለዓመታት የኖሩት ሁሉ ያልቃሉ።

ሁለት ገንዳ፣ ዐሥራ ሁለት ቀን

ዑደቱን የተረዳ ሰው ተውሳኩን ያለ መድኃኒት ሊያሸንፈው ይችላል። የሚያስፈልጉት ከመርካቶ የሚሸመቱ ሁለት ገንዳዎች ናቸው፤ ቀለም ወይም ኬሚካል ያልነካቸው፣ አዲስ፣ ለምግብ የሚሆኑ የፕላስቲክ ዕቃዎች። ዓሣው በመጀመሪያው ገንዳ 3 ቀን ይቆይና አዲስ ውኃ ወደ ተሞላው ሁለተኛ ገንዳ ይዛወራል። የመጀመሪያው ታጥቦ እስኪደርቅ ይሰጣል፤ የአየር መርጫ ቱቦው፣ ማሞቂያውና ለመደበቂያ የገባው የፕላስቲክ ቧንቧ ቁራጭም አብረው ይደርቃሉ። ከ3 ቀን በኋላ ዓሣው ወደ ደረቀውና በአዲስ ውኃ ወደ ተሞላው ይመለሳል። እንዲህ አራት ጊዜ ሦስት ሦስት ቀን፣ በድምሩ 12 ቀን ይሆናል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከዓሣው የወረደው ተውሳክ ከረጢቱን ከፍቶ ለመውጣት ቢያንስ 3 ቀን ያስፈልገዋል፤ እርሱ ሲወጣ ዓሣው ሄዷል። በ12 ቀን ውስጥ ከገላው ያልወረደ ተውሳክ አይኖርም ተብሎ ይታሰባል። ከዚያ በኋላ ዓሣው በንጹሕ ገንዳ ለ28 ቀን በትዝብት ይቆያል፤ አንድ ከረጢት እንኳ ሾልኮ ቢያልፍ በተለመደው ረጅሙ ጊዜ ውስጥ ራሱን ይገልጣል። 12 ሲደመር 28 ዐርባ ነው። ኳራንቲን የሚለው ቃል ራሱ ዐርባ ከሚለው የጣሊያንኛ ቃል የመጣ መሆኑ መልካም ግጥምጥሞሽ ነው።

አሚሉዲኒየምን የመሰሉ ሌሎች ተውሳኮች ግን በዚህ ዘዴ አይወገዱም፤ ለእነርሱ መዳብ ያስፈልጋል። በአየን መልክ ያለ መዳብ የሚሠራው በሊትር ከ0.15 እስከ 0.20 ሚሊ ግራም ባለው ጠባብ ክልል ነው፤ ከዚያ ሲያንስ ተውሳኩ ይተርፋል፣ ሲበዛ ዓሣው ይመረዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ገደብ 2 ሚሊ ግራም መሆኑን ስናስብ የዓሣው ስስነት ይገባናል። ለ80 ሊትር ገንዳ 16 ሚሊ ግራም መዳብ፣ ማለትም 63 ሚሊ ግራም መዳብ ሰልፌት ከአምስት የክሪስታል ውኃው ጋር ያስፈልጋል። ይህን በገበያ ሚዛን መመዘን አይቻልም። ነገር ግን 6.3 ግራሙን በአንድ ሊትር የተጣራ ውኃ ብናሟሟ፣ የምንፈልገው በ10 ሚሊ ሊትር ውስጥ ይገኛል። እርሱም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በጥቂት ቀናት ተከፋፍሎ፣ በየቀኑ በመለኪያ እየተረጋገጠ ይጨመራል። መዳብ ኮራልንና ሸርጣንን ስለሚገድል ወደ ዋናው ገንዳ ፈጽሞ አይገባም፤ ኖራማ ድንጋይና አሸዋም መዳቡን ስለሚመጡት ማቆያው ባዶ ወለል ይኑረው።

በሽታው ዋናው ገንዳ ገብቶ ከሆነ ሒሳቡ ይለወጣል። እስከ 72 ቀን የቆየ ከረጢት በምርምር ስለተመዘገበ፣ ዓሦቹ ሁሉ ወጥተው ገንዳው ለ76 ቀን ያለ ዓሣ መቆየት አለበት።

ማጠቃለያ

በ2020 እ.ኤ.አ. ዓለም ስለ 14 ቀን ለይቶ ማቆያ ሲነጋገር የሰማ አንባቢ አሁን ሐሳቡን ይለየዋል። የኮሮና ቫይረስ ምልክት በብዛት ከ2 እስከ 14 ቀን ውስጥ ይታይ ስለነበር ገደቡ የተወሰደው ከረጅሙ ጊዜ ነው። የለይቶ ማቆያ ቁጥር ከአማካዩ አይወሰድም፤ ከሚዘገየው እንግዳ ይወሰዳል።

ይህ ለአንድ ሐምራዊ ዓሣ ብቻ የሚሆን ትምህርት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ሐይቅ መታየቱ የታወቀው እምቦጭ አንድ እንግዳ ፍጡር ያለ ጠባቂ ሲገባ የሚያስከፍለውን ዋጋ ለሀገራችን አሳይቷል። አዲስ ችግኝ፣ ጫጩት ወይም የዓሣ ጫጩት ወደ ግቢያችን ስናስገባ ልንጠይቅ የሚገባን ያው አንድ ጥያቄ ነው፦ ከእርሱ ጋር ምን መጣ? ያም ራሱን እስኪገልጥ ስንት ቀን ይፈልጋል? መልሱን የሚያውቅ ሰው በዐርባ ቀን ትዕግሥት ብዙ ሕይወት ያተርፋል።