ሁለት ውል፣ አንድ ቦይ

አንድ ባንክ ከሰርቨሮቹ ከፊሉን በግቢው አስቀርቶ ሌላውን ወደ ክላውድ ሲወስድ፣ ሁለቱን የሚያገናኝ መስመር ያስፈልገዋል። ወይ በኢንተርኔት ላይ ተመስጥሮ የሚሄድ ቪፒኤን ነው፣ ወይ የአማዞን ዳይሬክት ኮኔክትን ወይም የማይክሮሶፍት ኤክስፕረስራውትን የመሰለ የግል መስመር። መስመር ይቋረጣልና መጠባበቂያ ይኑር። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ይስማማል።

ችግሩ ከዚህ በኋላ ነው። ከሁለት ድርጅት ሁለት መስመር የገዛ ኃላፊ እንቅልፉን ይለጥጣል። ነገር ግን የቴሌኮም ድርጅቶች ፋይበር ይከራያሉ፣ ቱቦም ይጋራሉ፤ ስለዚህ ውሉ ሁለት ሆኖ ቦዩ አንድ ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ውስጥ መንገድ ሲቆፈር ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ኤክስካቫተሩ ቱቦውን ሰንጥቆታል፤ ከውስጡ ሁለት ጥቁር ኬብሎች ጎን ለጎን ተበጥሰው፣ ፀጉር የሚያካክሉ ባለቀለም ክሮቻቸው ጭቃው ላይ ተበትነዋል። ቴክኒሻኑ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተንበርክኮ ምልክቶቹን አነበበና ቀና ብሎ፣ «ጋሼ፣ ሁለቱም የእናንተው ናቸው» አላቸው የመሥሪያ ቤቱን ኃላፊ። ለዓመታት ለመጠባበቂያ የተከፈለው ገንዘብ በዚያች ቀን አንዳች አልጠቀመም።

ስለዚህ ከድርጅቶቹ ስም ይልቅ መንገዱ ይጠየቅ። ፋይበሩ ከሕንፃው በየት በኩል ይወጣል? በየትኛው ማንሆል ያልፋል? ከአገር የሚወጣው በጅቡቲ ነው ወይስ በኬንያ? ከዚያስ በየትኛው የባሕር ኬብል ይሄዳል? እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 ኢሲ እና ሲኮም የተባሉት ኬብሎች ደቡብ አፍሪካ አካባቢ ባሕር ውስጥ በአንድ ጊዜ ተበጥሰው የምሥራቅ አፍሪካ ኢንተርኔት ተዳክሞ ነበር። ባለቤቶቻቸው ይለያያሉ፤ ጉዳቱ ግን አንድ ላይ ደረሰ።

ከክላውዱ ወገንም ጥያቄው ያው ነው። አንድ የኤክስፕረስራውት መስመር ሁለት ራውተር ላይ ይገናኛል፤ ሆኖም በመደበኛው አሠራር ሁለቱም ያሉት አንድ መገናኛ ቦታ ነው። አማዞንም የ99.99 በመቶ ዋስትና የሚሰጠው መስመሮቹ ከአንድ በላይ በሆኑ ቦታዎች ሲገናኙ ነው። ቪፒኤንን መጠባበቂያ ያደረገ ሰው ደግሞ ኢንተርኔቱ ራሱ በዋናው ፋይበር እንደማይመጣ ያረጋግጥ። አቅሙንም ያስላ፤ የአማዞን አንድ መደበኛ የቪፒኤን ዋሻ የሚሸከመው እስከ 1.25 ጊጋቢት በሰከንድ ነው፣ የ10 ጊጋቢት መስመርን ሸክም አይችለውም።

ወደ መጠባበቂያው የመቀየሪያው ፍጥነት ቀላሉ ክፍል ነው። ራውተሮች መንገድ የሚለዋወጡበት ፕሮቶኮል ቢጂፒ ብቻውን ከተተወ ዳይሬክት ኮኔክት ላይ የመስመሩን መሞት ለማወቅ 90 ሰከንድ ሊጠብቅ ይችላል፤ መቋረጥን ፈጥኖ የሚለየው ፕሮቶኮል ቢኤፍዲ ሲጨመርበት ከአንድ ሰከንድ በታች ያውቃል። ራውተራቸው ቢኤፍዲን እየቻለ ሳይከፍቱት የሚተዉ ባለሙያዎች ያሳዝኑኛል።

ሥራ በማይበዛበት ሰዓት፣ ለሚመለከታቸው ሁሉ አስታውቃችሁ፣ ዋናውን መስመር ራሳችሁ ንቀሉና መጠባበቂያው መሥራቱን እዩ። የመንገዱን ካርታም ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። አቅራቢዎች ፋይበሩን በጥገና ሰበብ ወደ ሌላ ቦይ ስለሚያዛውሩት፣ መንገዱ ሲቀየር አስቀድመው እንዲያሳውቋችሁ ውሉ ላይ ይጻፍ።